የቁም ሣጥኑ ቡና

ሰፈሩ «ቀማሿ» ይላታል። ስም በማውጣት ሰፈርን የሚያህል የለም፤ ወላጆቿ ያወጡላትን ስም ዛሬ የሚያውቀው መታወቂያዋ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ቅምሻ ክፍል ተቀምጣ፣ ከየበርሜሉ በማንኪያ እየጨለፈች፣ «ይሄ ይለፍ፤ ይሄ ይመለስ» ስትል የኖረች ሴት ናት። ሥራው ተከትሏት ቤት ገባ። ጎረቤት ሻይ ቢያቀርብላት ጠጥታ፣ አመስግና መሄድ አይሆንላትም፤ «ይሄ ውሃ አንዴ ፈልቶ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደገና የፈላ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። እውነት መሆኑ ግን ማንንም አስደስቶ አያውቅም። እሷ ስትመጣ ማንቆርቆሪያቸውን የሚደብቁ ሴቶች እንዳሉ ታናሽ እህቷ ትምላለች።

ፋብሪካው ሲዘጋ ያ ሁሉ ምላስ ሥራ ፈታ። እጅ ሥራ ቢፈታ ጥልፍ ይይዛል፤ ምላስ ሥራ ሲፈታ ግን የሚይዘው ሰውን ነው። ቀማሿም ከዘመድ አዝማድ ጋር ትጣላ ጀመር። ሾርባው ጨው በዛበት፣ ማሩ ስኳር አለበት፣ ዘይቱ ሰንብቷል። ሰው ሸሻት፤ እሷም የሸሿት በእውነቷ መሆኑን ስለምታውቅ ቆሽቷ አረረ።

ስለ ባሏም ትንሽ መናገር ያስፈልጋል፤ ያለ እሱ ነገሩ አይገባም። በጎልማሳነቱ የከተማ አውቶቡስ ይነዳ ነበር፤ ይጠጣም ነበር። መጠጡ ሹፌርነቱን እየቀደመው ሄዶ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ቤቱ በር ላይ አቆመ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ገባና ተኛ። ተሳፋሪዎቹ መጀመሪያ ውሃ ሊጠጣ፣ ቀጥሎ ሽንት ቤት ሊገባ መስሏቸው በትዕግሥት ጠበቁት። በመጨረሻ አንዲት ወፍራም ሴትዮ ወርዳ በሩን አንኳኳችና ቀማሿን፣ «እህቴ፣ ወራጅ አለ» አለቻት። ሰፈሩ ዛሬም ድረስ ይህን እያነሳ ይስቃል። ቀማሿ ግን ያን ዕለት የሳቀች እንዳይመስላችሁ።

ከዚያ ወዲህ ተወ። አልማለም፣ አልፎከረም፤ ዝም ብሎ ተወ። በጠጪነቱ ዘመን አንድ ዘዴ ነበረው፦ ለእንግዳ የተቀመጠ ጠርሙስ ካገኘ ይጠጣና የጎደለውን በውሃ ይሞላዋል። ጠርሙሱ ሙሉ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ግን የሚቀዳለት ውሃ ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ቀማሿም ይዛዋለች፤ መቼም አልረሳችው። ግን ዓመታት አለፉ፤ ሰውዬውም ፀጉሩ ነጣ፤ ቤታቸው ሰላም ሆነ።

ሴት ልጃቸው የቀዝቃዛ መጠጥ ቤት የከፈተችው በቅርቡ ነው። ጭማቂ፣ ወተት፣ አይስክሬም ትሸጣለች። አባቷ በትንሿ መኪናው ጠዋት ጠዋት ወተት ያመላልስላታል። ደንበኛ ሁሉ ቡና ቡና የሚል ቀዝቃዛ ወተት ይጠይቃታል፤ ከሱቅ የምትገዛው ማጣፈጫ ደግሞ የተቃጠለ ላስቲክ ላስቲክ ነው የሚለው። «እማዬ፣ አንቺ አትሠሪልኝም?» አለቻት። ቀማሿ እንደ ዋዛ «እስቲ አየዋለሁ» ብላ መለሰች፤ ልቧ ግን ዘለለ። ምላሷን የሚፈልግ ሰው ከተገኘ ስንት ጊዜው።

አሠራሩ ለሚያወራው ቀላል ነው። ቡናው መካከለኛ ይቆላል፤ ሳይደቅ፣ ፍሬው ስብርብር እስኪል ብቻ ይወቀጣል። ከዚያ ባለሰፊ አፍ ጠርሙስ ውስጥ ተደርጎ ቮድካ ይፈስበታል፤ አልኮሉ የቡናውን ሽታና ጣዕም መጥጦ ያወጣዋል። ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጦ በየጠዋቱ እየተናጠ ይሰነብታል፤ ሲደርስ በስስ ጨርቅ ይጠለላል። ከዚያ በኋላ ለአንድ ብርጭቆ ወተት የሻይ ማንኪያ ታህል ትበቃዋለች። ለሚሠራው ግን ልብ የሚያደርቅ ነገር ነው። ቢደቅ ይመራል፤ ብርሃን ቢያየው ይሞታል፤ ሙቀት ቢነካው ይጎመዝዛል፤ ቶሎ ቢጠለል ባዶ ነው፤ ቢቆይ ደግሞ እንጨት እንጨት ይላል። ቀማሿ መጀመሪያ የሞከረቻቸውን ሁሉ ደፋቻቸው። አንዱንማ ስትደፋ ማንኪያውንም አብራ ወረወረችው፤ በኋላ ጎንበስ ብላ ስትፈልገው ወገቧን ያዛት።

በዚያን ጊዜ ባሏ ቤት አልነበረም። ወተቱን ለጎረቤት ሹፌር አደራ ሰጥቶ፣ ሩቅ ቦታ የመንገድ ሥራ ላይ ሠራተኛ ሊያመላልስ ሄዶ ነበር። እሱ በሌለበት አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ተሳካችላት። ስትቀምሳት የቡናው ሽታ በአፍንጫዋ ወጣ፣ ምሬቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ቆሞ ቀስ ብሎ ወደ ጣፋጭ ዞረ። ማድ ቤቱ ውስጥ ብቻዋን ቆማ «ይሄ ይለፍ» አለች። ልጅቷ ጠርሙሷን ወስዳ ሳምንት ሳይሞላ አልቃባት ተመለሰች፤ «እማዬ፣ በትልቁ ሥሪልኝ፤ ሰዉ ሌላ መጠጥ አልይዝ አለ» አለቻት። ቀማሿ ከፋብሪካው ከወጣች ወዲህ እንደዚያ ቀን ተደስታ አታውቅም።

ትልቁን ጠርሙስ ግን የት ታስቀምጠው? ማድ ቤቱ ፀሐይ ይገባዋል። የልጅቷ ሱቅ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ቀን እንደ ምድጃ ነው። መኝታ ቤት ያለው ቁም ሣጥን ግን ጨለማ ነው፤ ጀርባውን የሰጠው ግድግዳም ቀዝቃዛ ነው። የእሷ ወገን በልብስ ተጠቅጥቋል፤ ስለዚህ በባሏ በኩል፣ ከኮቶቹ ሥር አኖረችው። ባሏ ከመንገድ ሥራው ሲመለስ፣ «ኮትህ ሥር ቡናዬ አለ፤ በእግርህ እንዳትመታብኝ» አለችው። «እሺ» አለ። ከዚህ ሌላ ስለ ጠርሙሱ የተነጋገሩት ነገር የለም። ቀማሿ በሆዷ ኮራች። ሌላ ሴት ብትሆን ቆልፋ ትደብቅ ነበር፤ እኔ ግን ቮድካውን ከኮቱ ሥር አኖርኩ፤ የእኔ ሰው ከተወ ተወ ነው አለች።

ጊዜው ደርሶ ጠልላ ስትቀምሰው ውሃ ውሃ አለ።

ደግማ ቀመሰችው። ቡና አለው፤ ነገር ግን ከሩቅ፣ ከግድግዳ ወዲያ እንደሚሰማ ድምፅ ነው። ወተት ላይ ጠብ ስታደርገው ጭራሽ ጠፋ። ቡናው አንሶ ይሆናል ብላ በሁለተኛው ላይ ቡና ጨመረች፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቮድካውን ቀየረች፤ ያው ሆነ። ከቡና ነጋዴው ጋር ተጣላች፤ «ያረጀ ቡና እየሸጥክልኝ ነው» ብላ ሰው በሞላበት ሱቁ ተናገረችው። ነጋዴው ከመሬት አንድ ፍሬ አንስቶ በጥርሱ ሰበረና፣ «እሜቴ፣ ቡናዬ ያው የድሮው ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው» አላት፤ ጣቱንም ወደ አፏ ቀሰረ። ቡናዋን ይዛ ወጣች።

ነጋዴው ሳያውቅ ቁስሏን ነው የነካው። በዚያ ዓመት አንድ ክፉ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ተደፍኖ ሰንብቶ ነበር። ጉንፋኑ ለቀቃት፤ ግን ምላሷን ይዞት ሄዶ ቢሆንስ? ሎሚ ቀመሰች፣ ጨው ቀመሰች፣ ሳሙና እንኳ ቀመሰች። ሁሉም ያው ነው። ይሁንና ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ምላስም ባዳ ሊሆን ይችላል፤ የሞተ ምላስ መሞቱን በምን ያውቃል?

ይህን ሁሉ ለታናሽ እህቷ አጫወተቻት። እህቲቱ ከሚቀጥለው መንገድ ላይ ነው የምትኖረው፤ ለነገር ደግሞ ሩቅ አይደለችም።

«እትዬ፣ እኔ አፌን ልያዝ» አለች፤ አፏን ሳትይዝ። «ብቻ ያቺ ትንሿ ጠርሙስ ስትሠራ ሰውየው የት ነበር?»

«መንገድ ሥራ ላይ።»

«እነዚህኞቹ ሲበላሹስ?»

ቀማሿ ማንኪያዋን አንስታ ትወለውል ጀመር።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው እትዬ። የጎደለውን በውሃ መሙላት ለማን ነው አዲስ ነገር?»

ቀማሿ እህቷን ተቆጥታ አባረረቻት። ቁጣው ግን እህቷ የተናገረችውን እሷም በሆዷ ብላው ስለነበር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዋ ኑሮ አልሆነም። ጠርሙሱ ላይ ወረቀት ለጥፋ በእርሳስ መስመር አሰመረች፤ ደረጃው ንቅንቅ አላለም። ድሮም አይልም ነበር። ባሏ የጠጣበትን ብርጭቆ አሸተተች፤ ትራሱን አሸተተች፤ «አንገትጌህ ቆሽሿል» እያለች ሸሚዙን አስወልቃ አሸተተች። ሳሙናና ቤንዚን እንጂ ሌላ የለም። ግን አንዳንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ወገቤን አመመኝ ብሎ ሳሎን ሶፋው ላይ መተኛት ጀምሯል። ከቤት ወጥቶ ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ ይዞራል። ሚንት ከረሜላ ከኪሱ አይጠፋም። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ እያንዳንዷ ከረሜላ ምስክር ሆነችባት።

ከሁሉ የከፋው ምኞቷ ነበር። ምላሴ ሞቶ ከሆነ ባሌ ንጹሕ ነው። ባሌ እየጠጣ ከሆነ ምላሴ ደህና ነው። ጠዋት ተነስታ ጠርሙሱን ስትንጥ አንዱን ትመኛለች፤ ከሰዓት በኋላ ሌላውን። አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች «ይጠጣው እንጂ፤ ብቻ ምላሴ አይሁን» ስትል ራሷን ሰማችው። እጇን ከውሃው አውጥታ ቁጭ አለችና በራሷ አፈረች።

ጠርሙሱን ሌላ ቦታ ብታስቀምጠው ኖሮ በአንድ ጊዜ ይለይላት ነበር። ይህ ጠፍቷት አይደለም። ነገር ግን ከኮቱ ሥር ብታነሳው «አላምንህም» ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ፊት ለፊት ልትለው አልደፈረችም። ፊቱ ያልደፈረችውን ግን ከጀርባው ለልጇ ነገረች። ልጅቷ መጀመሪያ «አባዬ? አይሆንም» አለች፤ ቀጥሎ አለቀሰች፤ በማግስቱ ደግሞ አባቷን፣ «አባዬ፣ ወገብህን እያመመህ ነው፤ ትንሽ ዕረፍ። ወተቱን ሌላ ሰው ያመጣዋል» ብላ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለችው። መኪናው የእሱ ነው፤ ግን ቁልፉን ሰጣት። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ቀማሿ ይህን ስትሰማ «ጥፋተኛ ባይሆን ለምን ብሎ ይጠይቅ ነበር» አለች፤ እንቅልፍ ግን አልወሰዳትም።

ወደ ልጇ ሱቅ ልትረዳት በሄደችበት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣው ቆመ፣ መፍጫው ቆመ፤ ቀማሿም «እንግዲህ ምን ልሠራ ቁጭ እላለሁ» ብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በጓሮ በር ነው የገባችው። መታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ባሏ ጀርባውን ሰጥቷት ወለሉ ላይ ቁጢጥ ብሏል፤ ትልቁ ጠርሙስ ከጉልበቱ አጠገብ ክፍት ነው፤ በእጁ አንድ ኩባያ ይዟል።

ስትፈልገው የከረመችው ነገር ይኸው ተገኘ፤ ሲገኝ ግን እንደምትመኘው አልነበረም። ከበሩ ውጭ ቆማ አየች።

ሰውዬው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ የሕፃን ሽንት ጨርቅ እንደሚቀይር ሰው በአፉ ብቻ እየተነፈሰ፣ ከጠርሙሱ አንድ ኩባያ ቀዳ። ኩባያውን ወደ አፉ አላመጣውም። ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ የፍሳሽ ቀዳዳው ውስጥ ደፋው። ቧንቧውን ከፍቶ ኩባያውን አጠበ፤ ውሃ ሞላበት፤ ውሃውን ወደ ጠርሙሱ ገለበጠ። ደረጃው ከእርሳሱ መስመር ጋር መግጠሙን ጎንበስ ብሎ አየ። ክዳኑን አጥብቆ ዘጋ፤ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው። ከዚያ ዞር ሲል አያት።

«ስንት ጊዜህ ነው?» አለችው።

«ከመንገድ ሥራው ከመጣሁ ጀምሮ» አለ። አልተነሳም።

«ከእሱ ጠጥተህ ታውቃለህ?»

«ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ከረምኩ» አለ ባሏ። «አልጠጣሁም። አንድ ጠብታ አልጠጣሁም።»

ቀማሿ የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ቁጭ አለች። አመነችው። ማመኗ ራሱ አናደዳት፤ ምክንያቱም አሁን የምትቆጣበት ቦታ ጠፋት።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ቡናዬን የምትገድለው? ሞኝ መስዬህ ነው? ስንት ጠርሙስ ደፋሁ፤ ከነጋዴው ተጣላሁ፤ ምላሴን ቀብሬ ለቅሶ ተቀምጬ ነበር እኮ።»

«ኮት ላወጣ በከፈትኩ ቁጥር ይጠራኛል» አለ። «ዘግቼው ስተኛም ይጠራኛል። ለዚያ ነው ሶፋ ላይ የወጣሁት። ኮቴን ለብሼ ስሄድ ደግሞ ከኮቴ ላይ ይሸተኛል፤ ከረሜላ ብበላ አይለቀኝም። ውሃ ስጨምርበት ትንሽ ዝም ይላል። የእሱ ጉልበት ሲቀንስ እኔ እበረታለሁ።»

«ለምን አትደፋውም ነበር ጭራሹን?»

«ብደፋው ጠጣው ትያለሽ።»

ይሄማ እውነት ነው። ሌላ ቁጣ ፈለገች።

«ንገረኝ እንጂ ታዲያ። አፍ የለህም? አንሽልኝ፣ አልቻልኩም ማለት ምን ያቅትሃል?»

ባሏ ኩባያውን በእጁ አዟዟረው። «ጠርሙሱን ኮቴ ሥር ስታኖሪ አላማከርሽኝም። ያላማከርሽኝ ስላመንሽኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ያመነኝ ሰው የለም። እንግዲህ እንዴት አድርጌ አልቻልኩም ልበልሽ?»

ቀማሿ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«አንቺስ ለምን አልጠየቅሽኝም?» አለ ቀጥሎ፤ ድምፁን ሳያነሳ። «ለእህትሽ ነገርሻት። ለልጃችን ነገርሻት። ቁልፉን ስትቀበለኝ ዓይኔን ማየት አቅቷት መሬት መሬት ታይ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሰማ እኔን ብቻ አልጠየቅሽኝም።»

ቧንቧው በደንብ አልተዘጋም ነበርና ይንጠባጠባል። ቀማሿ ተናዳለች፤ በእሱ፣ በራሷ፣ በእህቷ፣ በቡናው፣ ኮት በሚባል ነገር ሁሉ ተናዳለች። ሴትዮይቱ ምላሷ ደህና እንደሆነ ያወቀችው በዚያች ሰዓት ነው፤ ውሃ ያለችው ውሃ ነበር። ለዚህ ነው ስትጨነቅ የከረመችው፤ አሁን ግን ደስታው የት እንደገባ አላወቀችም።

«አሁኑኑ ሄጄ ለልጅቷ እነግራታለሁ» አለች ስትነሳ። «ቁልፍህን ትመልስልሃለች።»

«ምን ብለሽ?»

«ያየሁትን።»

«'አይጠጣም፤ ቮድካውን እየቀዳ ይደፋና ውሃ ይጨምርበታል' ብለሽ?» አለ ባሏ። ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አንቺ ራስሽ በዓይንሽ ባታዪ ታምኚ ነበር?»

ቀማሿ አሰበችበት። አታምንም ነበር። እህቷማ እንኳን ልታምን፣ ሰምታ ሳትጨርስ ለሦስት ቤት ታዳርሰዋለች፤ ከ«ወራጅ አለ» ቀጥሎ ሁለተኛ የሰፈር ሳቅ ይሆናል። ቢያምኑም የሚያምኑት ሰውየው ከጠርሙሱ ጋር በየቀኑ ይታገላል የሚለውን ነው፤ እንዲህ ላለ ሰው ደግሞ ማን ቁልፍ ይሰጣል? ሻርፗን ደረበች፤ ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ በጠራራ ፀሐይ ወጣች። ብርሃን እንዳያየው መሸፈኑ ትዝ አላላትም።

ሱቁ ውስጥ መብራት መጥቷል። ልጅቷ መፍጫውን እያጠበች ነው፤ እህቲቱም እንደ ልማዷ ወንበር ስባ ተቀምጣለች። ቀማሿ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ነገር ከእኔ ቤት አይሠራም» አለች። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ስቀምሰው በረታብኝ እያልኩ ውሃ ስጨምርበት ነው የከረምኩት። ምላሴ ሄዷል። ከጉንፋኑ ወዲህ የለም።»

ልጅቷ እጇን ከውሃው አወጣች። «አባዬስ?»

«አባትሽ ጠብታ አልነካም። በእኔ ይሁንብሽ። የራሴን ጥፋት በሰው ላላክክ ፈልጌ ነው የወነጀልኩት። ቁልፉን ዛሬውኑ መልሺለት፤ ይቅርታም ጠይቂው።»

«እኔ ድሮም ጠርጥሬ ነበር እትዬ» አለች እህቲቱ በኀዘኔታ አንገቷን እያወዛወዘች። «ያለፈው ሳምንት ሾርባዬን ምንም ሳትዪ ስትጠጪ ጊዜ፣ ይቺ ሴት ደህና አይደለችም ብያለሁ።» ሾርባው አርሮ ነበር። ቀማሿ ያን ዕለት ዝም ያለችው ስለ ባሏ እያሰበች ነው። ጥርሷን ነክሳ «እውነትሽን ነው» አለች።

ልጅቷ መጥታ አቀፈቻት። «አይዞሽ እማዬ፤ ዕድሜ ነው፤ ምንም አይደል» አለቻት ጮክ ብላ፤ ምላሱ የሄደበት ሰው ጆሮውም አብሮ የሚሄድ ይመስል። ከዚያ ወዲያ ሥራው እንዲህ ሆነ፦ ጠርሙሱ የሚቀመጠው ከእህቲቱ ቤት ጓዳ ነው፤ ቡናውን የምትወቅጠው እህቲቱ ናት፤ «ይለፍ፣ ይመለስ» የምትለው ልጅቷ ናት። ማጣፈጫው ደህና ነው። ከትንሿ ጠርሙስ ጋር አይደርስም እንጂ ሰው ይጠጣዋል። ባሏ ከሶፋው ወደ መኝታ ቤቱ ተመልሷል፤ ከረሜላውንም ትቶታል።

ሰፈሩ ወሬውን ለመስማት ጊዜ አልፈጀበትም። ሴቶቹ አሁን ማንቆርቆሪያ አይደብቁም። እንደውም እየጠሩ ሻይ ይጋብዟታል፤ ያገኙትን ውሃ አፍልተው በልበ ሙሉነት ያቀርቡላታል። ቀማሿ ትጠጣለች። ከስንቱ ጋር የምትጣላበት ነገር አፏ ውስጥ እየመጣ ከሻዩ ጋር ትውጠዋለች፤ ሲመሽም ሆዷ ይነፋል።

አንድ ጠዋት ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ሳለ ልጅቷ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ወተት በቡና አዘጋጅታ ሰጠቻት። ባሏ የወተት ሣጥን ተሸክሞ በሩ ላይ ደርሷል፤ እንዳያስተጓጉላቸው ቆሟል። ቀማሿ ጎንጨት አለች። ወተቱ የትናንት ነው። የፈላበት ድስት ታጥቦ ሳሙናው በደንብ አልለቀቀም። ቡናው ከመጠን በላይ ደቅቋል፤ ጠርሙሱም በየጠዋቱ አልተናጠም።

«እንዴት ነው እማዬ?» አለች ልጅቷ፣ ጎንበስ ብላ፣ ጮክ ብላ። «ስኳሩስ ይታወቅሻል?»

ቀማሿ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። በሩ ላይ የቆመውን ሰው አየችው፤ እሱም አያት።

«እኔ እንጃ ልጄ» አለች። «አንቺ ቅመሺው።»